አቃቂ ላይ የቆመው አውቶቡስ፣ ባቴ ውስጥ የቆመው ደም

እናንተዬ! የቃሊቲን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው ግን ልንገረው። ከናዝሬት በፈጣን መንገዱ ሽው ብላችሁ ትመጡና ቱሉ ዲምቱ ላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ቀኑ ሲከፋ፣ ጉዞ ሳይሆን ሰልፍ ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ስመለስ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የደረሰኝ ወንበር የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ነው። ከፊት ያለው ወንበር ጉልበቴን ገጭ ያደርገኛል፤ እግሬ ሥር ደግሞ የአንዲት እናት የብርቱካን ማዳበሪያ ተቀምጧል። ውኃስ? ጠብ አላደረግሁም! ሴቶች ታውቁታላችሁ። ወንዱ “ሹፌር አቁምልኝ” ብሎ ዛፍ ሥር ይቆማል። እኛስ? ስለዚህ የመንገድ ዘዴያችን አንድ ነው፤ አለመጠጣት። አዋሽ ላይ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እንኳ እኔ ዕቃዬን ልጠብቅ ብዬ ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀውን የአዳማ ፈጣን መንገድ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ሰዓት ግድም ጨረስነው። አቃቂ ስንደርስ ግን ቀጥ! ከፊታችን አንድ ተሳቢ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። በግራ የጂቡቲ ከባድ መኪና፣ በቀኝ ሲኖትራክ፣ በመሀል ባጃጅ። ክላክሱ ጆሮ ይበጥሳል፤ አቧራና ጭሱ አፍንጫ ይደፍናል።

አቃቂ ድሮም የመተላለፊያ አገር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጂቡቲ ባቡር የሚያልፈው በዚሁ ነበር። የድሮ ሰዎች ሲያወሩ፣ የባቡር ተሳፋሪ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ በየጣቢያው ወርዶ ሻይ ይላል። እኛ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደታጨቅን ቀረን። ቃሊቲ መናኸሪያ ስወርድ ግራ እግሬ ከብዶኛል፣ ጫማዬም ጠቦኛል። “ድካም ነው” ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ግራ ባቴ ብቻ አበጠ። ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። ቀኙ ሰላም ነው። ሠፈሩ ተሰበሰበላችኋ! አንዷ “ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጨመቅላት” አለች። ሌላዋ “ሪህ ነው” አለች። እናቴ ደግሞ “ሥሯ ዞሮ ነው” ብላ ወጌሻ አስጠራች። ሽማግሌው ቅቤ አስቀርበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ባቴን ሊያሹ ሲሉ ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ደረሰች። “አባባ፣ እባክዎ አይንኳት!” ብላ ጮኸች። ወጌሻው ትንሽ ተቀየሙ፤ እኔ ግን ዛሬም ድረስ አመሰግናታለሁ።

ሐኪም ቤት በአልትራሳውንድ ሲታይ ባቴ ውስጥ ደም ረግቷል። ዶክተሯ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። “የኔ እህት፣ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ዳገት ነው የሚወጣው። ደም መልሱን እየጨመቀ ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። እግር ካልተንቀሳቀሰ የሚገፋው የለም። የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ሲታሽ ሊላቀቅና ሳንባ ሄዶ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።” የወሊድ መከላከያ ኪኒን እንደምወስድም ጠየቀችኝ። እወስድ ነበር። አንዳንዱ ኪኒን የመርጋቱን ዕድል ስለሚጨምር በሌላ ዘዴ ቀየረችልኝ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሦስት ወር ወሰድኩ።

ያኔ ትዝ ያለኝ ከአቃቂ ዝቅ ብሎ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ወንዙ ያመጣው ደለል እየሞላው፣ የኃይል ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ታድሶ የተነሳው። ውኃም ሲቆም የተሸከመውን ያራግፋል፣ ይደፈናል።

ነገሩ የኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ መጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪዝ ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም ከቦምቡ ተርፈው በድንገት የሞቱ ሰዎችን ሲመረምር ሳንባቸው በረጋ ደም ተዘግቶ አገኘው። የወንበሩ ጠርዝ ጭናቸውን ከሥር ተጭኖ ደሙን ይይዘው ነበር። ምክሩ ቀላል ነበር፤ በወንበሩ ፈንታ መተኛ አልጋ ይግባ!

ታዲያ ምን እናድርግ? የአንድ ሰዓት ታክሲ ሁሉ ደም ያረጋል እያልኩ አይደለም። ስጋቱ የሚጨምረው ከአራት ሰዓት በላይ ሳትንቀሳቀሱ ስትቀመጡ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የካንሰር ሕመምተኛ፣ ከዚህ በፊትም ደም የረጋበት ሰው ከረጅም ጉዞ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ተቀምጣችሁም ቢሆን ተረከዛችሁን አንሱ፣ መልሱ፤ ቀጥሎ ጣቶቻችሁን። እግር አታጣምሩ። ውኃ ጠጡ። አውቶቡሱ ሲቆም ውረዱ፤ ዕቃውን ተራ በተራ ጠብቁት። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ አታሳሹት፤ ቶሎ ሐኪም ቤት! ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካስሳለ ደግሞ ለነገ የሚባል የለም።

እኔ ዛሬም በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ። መኪናው ሲቆም ተረከዜን ከፍ ዝቅ ማድረግ እጀምራለሁ። በቀደም አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ “እህቴ፣ የምትሰሚው ዘፈን አለ እንዴ?” አለኝ። ነገሩን ሳጫውተው ዝም ብሎ አዳመጠኝና ጫማውን ፈታ አደረገ። ሳሪስ እስክንደርስ ሁለታችንም ተረከዛችንን ስናነሳ፣ ስናወርድ ሄድን።