ሁለት ፊደል ያለበት ቤት

ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥታችሁ ወደ ቡራዩ ስትጓዙ ከተማው የት ላይ እንዳበቃ የሚነግራችሁ ቤቱ ወይም መንገዱ አይደለም፤ ታፔላው ነው። የሱቁና የፋርማሲው ስም ከላይ በኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ከሥር በአማርኛ ይጻፋል። አንዳንዱ እንግሊዝኛም ይጨምርበታል።

በዚህ መንገድ ታክሲ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ልጁ የላይኛውን መስመር ጮክ ብሎ ያነባል፤ እናት የታችኛውን ታነባለች። “ፋርማሲ” የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩና ተያይተው ሳቁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን የገባሁበት ቤት ስለ ፊደል ሲነሣ የሚሳቅበት ቤት አልነበረም።

ቡራዩ በምዕራብ፣ ሰበታ በዓለም ገና በኩል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ዳገት ማዶ ናቸው። በድሮው አከፋፈል አገሩ መናገሻ አውራጃ ይባል ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍና የትምህርት ቋንቋ መሆን ከጀመረበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚያድጉ ብዙ ልጆች ሁለት ፊደል ይጠብቃቸዋል። እንግሊዝኛው ሲጨመር ደግሞ ሦስት ቋንቋ ይሆናል።

ተራው ሲደርስ ውሃ የሚጠማው ልጅ

የገባሁበት ቤት ባልና ሚስቱ በአንድ ጉባኤ የሚያገለግሉ፣ ጌታን የሚወዱ ናቸው። እርሱ የጎጃም ልጅ ነው፤ እርሷ ከወለጋ ናት። ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ነው። ማታ ማታ በቤተ ሰብ ጸሎት እያንዳንዱ አንድ ቁጥር ያነባል። ተራው ሲደርስ ግን ልጁ ውሃ ይጠማዋል። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ሲመለስ ንባቡ አልፎታል።

አባት “በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ካልቻለ ከእኔ ጋር እንዴት ያመልካል?” ይላል። እናት “ከእናቴ ጋርስ በምን ቋንቋ ይነጋገር? ትምህርት ቤትስ የሚማረው በምን ሆነና?” ትላለች። አባት ሀሁ ሊያስጠና ይቀመጣል፤ ልጁ ሲሳሳት ይቆጣል፤ እናት ትገባለች፤ ጥናቱ በጠብ ያልቃል። “ወንድሜ፣ ፊደል ሳስተምረው ያስተማርኩት ፍርሃት ነበር” ብሎ ነገረኝ አባት፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ።

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

የአያት መጽሐፍ

በዚያ ዓመት የልጁ አያት ለሕክምና ከነቀምቴ መጡ። በቦርሳቸው ያረጀ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል። ልጁ ገልጦ አየና “አኮ፣ ይሄ አማርኛ ነው” አለ። “አይደለም ልጄ፣ ዝም ብለህ ስማ” አሉትና አነበቡለት። ልጁ ሁሉንም ሰማ፤ ኦሮምኛ ነበር፤ የተጻፈው ግን በእኛው ፊደል ነው።

አባት መጽሐፉን ተቀብሎ ሞከረው። ፊደሉን ሁሉ ያነበዋል፤ ከትርጉሙ ግን የሚገባው ጥቂት ነው። ልጁ ደግሞ ትርጉሙን ሁሉ ያውቃል፤ ፊደሉን አይለይም። እንግዲህ አባት ያነባል፣ ልጅ ይተረጉምለታል። አባት በስህተት ሲያነብ ልጁ ያርመዋል። በዚያ ቤት ልጅ አባቱን ሲያስተምር ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ይህ መጽሐፍ ከየት መጣ? በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ አሳትሞታል። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ናት። በ1894 እ.ኤ.አ. ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የታተመው የንባብ መጀመሪያ መጽሐፍ የእርሷ ድካም አለበት። ልብ በሉ፤ ለጀማሪ አንባቢ ካዘጋጀችው ውስጥ የሕዝቡ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዜማ ይገኙበታል። ልጅ በአፉ የሚያውቀውን በፊደል ሲያገኘው ንባብ እንደሚቀለው አስቴር ያኔ ገብቷታል።

ሰበታ፣ በጣት የሚነበብ

ሰበታ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ዓይነ ስውር ልጅ የሚያነበው ከስድስት ነጥቦች የተሠራ ብሬል በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚቀመጡ “ሉ” ለማለት ሁለት ምልክት ይዳሰሳል። አሠራሩ ለቁቤ ይቀርባል። የሚዳስስን ጣት ማንም “ቶሎ በል!” ብሎ አያቻኩልም። ማየት የሚችለውን ልጃችንን ግን ስንት ጊዜ አቻኩለነዋል?

ሱሉልታ፣ የየኔታ ጥበብ

በሱሉልታ ሜዳ፣ ብርድ በሚቆርጥበት ማለዳ፣ አንዲት የሕፃናት አገልጋይ እኅት ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። ልጆቹ “ሀ ሁ ሂ” ብለው እስከ መጨረሻው ይዘምሩታል፤ “ሚ”ን ብቻዋን ስታሳያቸው ግን ከ“መ” ጀምረው ካልቆጠሩ አያውቋትም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዙም።

ለዚህ የድሮ የኔታዎች መድኃኒት ነበራቸው፤ አቡጊዳ። “አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ” ሲባል ተራው ስለሚበተን ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። ያቺ እኅት ፊደሎቹን በካርቶን ቆራርጣ ታደባልቃለች። “ቡ” መሐሉ ላይ፣ “ቢ” እግሩ ላይ ጭረት እንዳለው፣ “ቤ” ደግሞ እግሩ ላይ ቀለበት እንዳደረገ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ትተዋቸዋለች። እንደ “ሩ” እና “ሪ” ያሉትን ሕግ የሚያፈርሱትን መጨረሻ ላይ ታመጣለች።

በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ልጁ አጥርቶ በሚናገረው ቋንቋ ጀምሩ። አንድ ጊዜ ማንበብ የገባው ልጅ ሁለተኛውን ፊደል ከባዶ አይጀምርም፤ ድምፅ በምልክት እንደሚጻፍ አውቋል።

2. ፊደሎቹ የሚጋጩበትን ቀድማችሁ ንገሩት። በቁቤ የእንግሊዝኛው “ሲ” “ጨ” ነው፤ “ኤክስ” “ጠ” ነው፤ “ኪው” “ቀ” ነው። አንዲት እናት ልጇ ከእንግሊዝኛ መጽሐፉ ድመት የሚለውን ቃል “ጨት” ብሎ ሲያነብ ጫት መስሏት ደንግጣ ነበር። ልጁ አልተሳሳተም፤ በተማረው ፊደል አነበበ።

3. እየሰማችሁ አስነብቡ። “ገና” ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ “ገና አልመጣም” የምንለው ነው፤ በጽሑፍ ግን አይለይም። ቁቤ ይህን ፊደል በመደጋገም ያሳያል፤ አናባቢው ሲረዝምም እንዲሁ ይደገማል። “ለፈ” መሬት፣ “ላፋ” ለስላሳ መሆኑ በዚህ ይለያል።

4. በቃሉ ከሚያውቀው መዝሙርና ጥቅስ ጀምሩ። ጣቱ ቃሉን ይከተል።

5. በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቁጣ ከመጣ መጽሐፉን ዝጉና ነገ ቀጥሉ።

6. ባለ ትዳሮች ሆይ፣ የልጃችሁን ፊደል የእናንተ ክርክር መወጫ አታድርጉት። በበዓለ ኀምሳ ቀን መንፈስ ቅዱስ ሰዎቹን አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ አላደረጋቸውም፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ (ሐዋ. 2፥6-11)። ሁለት ቋንቋ ያለው ቤት የተከፈለ ቤት አይደለም።

ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስታውስ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ይጠራል (2ጢሞ. 1፥5)። ጢሞቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማወቁንም ይጽፋል (2ጢሞ. 3፥15)። አባቱ ግን የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፥1)። ያም ቤት እንግዲህ ከሁለት ወገን የተሠራ ቤት ነበር።

የቡራዩ ልጅ ዛሬም አማርኛውን እየተንተባተበ ነው የሚያነበው። ውሃ የሚጠማው ቀንም አልቀረም። ነገር ግን አያቱ ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ ያረጀውን መጽሐፍ ትተውለት ሄደዋል፤ ማታ ማታም አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ በፊደሉ አንዱ በትርጉሙ፣ አንድ ቁጥር ያነባሉ።

በእናንተ ቤት ማታ ተራው ሲደርስ ውሃ የሚጠማው ማነው? ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።