ሥራ በቍጥር ሲመዘን

መዝገብ በመያዝ እንጀራችንን የምንበላ ሰዎች ስለ ሆንን ቍጥርን አንንቅም። ነገር ግን የሕክምና ሳይንስ ተመራማሪን ድካም በቍጥር ብቻ መመዘን እንዴት እንደሚያሳስት ደጋግመን እናስባለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደ ጠቀሰ የሚያሳይ የሳይንስ መዝገብ አወጣ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ አንድ ስሌት ጨመረበት፤ ከአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች ዐሥሩ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ሲጠቀሱ ልኩ 10 ደረሰ ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ለመፍረድ የሚያመቸውም ስለዚህ ነው።

በዚያው በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና እንዶድን መመርመር ጀመሩ። በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ቍጥሩ ሊቃውንት ስማቸውን ስንት ጊዜ እንዳነሡ ይነግረናል፤ በወንዙ የሚታጠበው ሕፃን ግን ጽሑፍ አይጠቅስም። ስለዚህ ለዕድገትም ሆነ ለምርምር ገንዘብ የምንፈርም ሁሉ፥ ቍጥሩን ከመደመራችን አስቀድሞ ጽሑፉን እናንብብ፤ ማንን እንደ ጠቀመም እንጠይቅ።