ፈረንጅ እንግዳ ሲመጣ የት እንውሰደው?

ውጭ አገር ዘመድ የሌለው የከተማ ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። እህት አግብታ ትሄዳለች፤ ወንድም ለትምህርት ወጥቶ እዚያው ይቀራል፤ አንዱ በሥራ ምክንያት የውጭ አገር ወዳጅ ያፈራል። ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ይደወልና «እንግዳ ይዤ ልመጣ ነው። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። የት የት እንውሰደው?» ይባላል። ይህ ጥያቄ የደረሳችሁ ወይም ሊደርሳችሁ የተቃረበ ከሆነ ጥቂት እንጨዋወት።

የብዙዎቻችን መልስ አንድ ዓይነት ነው። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጣና፣ ኦሞ፣ ዳሎል እያልን እንደረድራለን። «እዚህ ድረስ መጥቶ ይህንንማ ሳያይ!» እንላለን። ከፍቅር የመነጨ መልስ ነው። ነገር ግን አገራችን 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። በአሥር ቀን ሁሉን ላሳይ ያለ ሰው እንግዳውን የሚያሳየው የአውሮፕላን ማረፊያና የመኪና መስኮት ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ አዲስ አበባን በዝግታ፣ አንድ የቀን ጉዞ፣ አንድ ሩቅ ቦታ። የቀረው ጊዜ በቤታችሁ ይለፍ።

ይህን የምለው ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ቤታችን ያስተናገደውን እንግድነት አስታውሼ ነው። እህቴ ጀርመን አገር ካገባች አራት ዓመቷ ነው። አማቶቿ ደግ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት በ1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥናቸው ያዩትን ረሃብ ብቻ ነበር። በየበዓሉ አማቷ ሳህኗ ላይ ምግብ እየጨመሩ «ብዪ ልጄ፣ አገርሽ ይህን አታገኚም» ይሏታል። ለክፋት አይደለም፤ ከአንጀታቸው ነው። እህቴ ግን ፈገግ ብላ ትውጠዋለች። የአማቶቿ ጉዞ ሲቆረጥ ደውላ «እነዚህ ሰዎች ወደፊት ልጄን የሚያሳድጉ አያቶች ናቸው። እባካችሁ አስቡበት» አለችን። ስለዚህ አሰብንበት።

መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ስንት ቀን እንዳላቸው፣ ጤናቸው እንዴት እንደሆነና በአገራቸው የእረፍት ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የእህቴ አማቶች የነበራቸው አሥራ ሁለት ቀን ነው። አባትየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ታክሟል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እናትየው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ይህን ካወቅን በኋላ ዳገትና ጉድጓድ የበዛበትን ቦታ ሁሉ ከዝርዝራችን አወጣን። ዕድሜው ሃያ አምስት የሆነ ተራራ ወጪ ቢመጣ ደግሞ ምርጫው ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆን ነበር።

አዲስ አበባን አትዝለሉ

ብዙ ሰው አዲስ አበባን እንደ መሸጋገሪያ ይቆጥራታል። አትቁጠሯት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያ ቀን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የእረፍት ይሁን። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን እንጦጦንም ለሦስተኛው ቀን አቆዩት።

ለሁለተኛው ቀን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው አንድ መንገድ ይበቃል። አራት ኪሎ ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉት እዚያ ነው። የፋሺስት ወረራን በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በግቢው ተቀብራለች። አውሮፓዊ እንግዳ ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ያስባል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ ድንቅነሽን ታገኛላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት ዋናው አጽሟ በጥብቅ ስለሚጠበቅ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው። ይህን ለእንግዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የአገራችንን ሕዝቦች ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በተራ ስለሚያሳይ፣ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ከእሱ ሕይወት ጋር እያስተያየ ይረዳዋል። የንጉሡ መኝታ ቤትም እዚያው አለ።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ፒያሳ ያለውን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ሙዚየም ግን አታብዙ። ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ ወይም መርካቶ ወስዳችሁ ቅመም ተራን ብታሳዩት፣ የሚያሸተው በርበሬ፣ ኮረሪማና እጣን የትኛውም መጽሐፍ የማይነግረውን ይነግረዋል።

አንድ የቀን ጉዞ

እኛ የመረጥነው የቡታጅራን መንገድ ነው። ምክንያቱም በአንድ መስመር ላይ ሦስት ነገር ይገኛል። መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ ነው፤ የጥንት ሰዎች በአዋሽ ዳር የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ሥፍራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀጥሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ላሊበላ መድረስ ለማይችል እንግዳ የአሠራሩን ጥበብ በቅርብ ታሳየዋለች። ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ደግሞ ጢያ ይገኛል፤ 36 ትክል ድንጋዮች በሜዳ ላይ ቆመዋል፤ በአብዛኞቹ ላይ የጎራዴና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል። ቦታው ሜዳ ስለሆነ ጉልበት አይፈትንም። ጠዋት በጊዜ ከወጣችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ሐይቅ ለሚወድ ቢሾፍቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ገደልና ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት ለሚፈልግ ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈረስና በእግር መሄድ የሚወድ ደግሞ ወንጪን አይቶ አይቆጭም።

አንድ ሩቅ ቦታ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጨነቀው። ምርጫውን እንግዳው ራሱ ይወስነዋል።

ለእምነት፣ ለታሪክና ለሥነ ሕንፃ ልቡ የሚመታ ሰው ከላሊበላ ሌላ መልስ የለውም። አሥራ አንዱ የአለት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ነገር ግን ደረጃው ይበዛል፤ ዋሻው ጨለማ ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። እንስሳና ተራራ የሚወድ ሰው ባሌ ይሂድ። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ ላይ በመኪና እየሄደ ቀይ ቀበሮ ያያል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ አርባ ምንጭ ይስማማል። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ፣ ከተራራው በላይ በቀርከሃ የተሠሩት የዶርዜ ቤቶች፣ ከቆጮው ጋር።

እኛ ግን አማቶቹን ይዘን ሐረር ሄድን። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጁገል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት የግንብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በውስጡና በአካባቢው 82 መስጊዶች ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ለአማቶቹ ነገርናቸው፤ በትሕትና አዳመጡ። ልባቸውን የነካው ግን ሌላ ነበር። አባትየው ፈረስ መጋላ ላይ ያረጁትን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲያዩ ጉልበታቸውን ረሱት። አንዱ ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶላቸው፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው በጣትና በሞተር ድምፅ ሩብ ሰዓት ተጨዋወቱ። እናትየውን ደግሞ መኪና ግርግር አደረስናቸው። የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን የሰጠው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰፊ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧቸው። እግራቸው መርገጫውን ሲያገኘው የሠላሳ ዓመት ሴት መሰሉ። የቀሚስ ጠርዝ አጥፈው ሰፉ። ሽማግሌው ስፌቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ባለሙያ ናቸው» አሉ። እህቴ ተረጎመች። ከዚያ በኋላ ስለ ረሃብ የሚያወሩትን ሰው ፈልጌ አጣሁ። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ሲያዩ እንኳ «ያ ስፌት ግን» እያሉ ነበር።

ለዚህ ነው እንግዳው የሚወደውን አስቀድማችሁ ጠይቁ የምለው።

ስለ ጸጥታ ሳንሸፋፍን

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የነበረው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በአማራና በሌሎች አካባቢዎች የታዩት ግጭቶች የጉዞ ዕቅዳችንን ለውጠውታል። አንዱ ወር የተከፈተ መንገድ በሌላው ወር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው ሳምንት በፊት በቦታው ላሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ደውላችሁ ጠይቁ። እንግዳውም የኤምባሲውን ማሳሰቢያና የጉዞ መድን ውሉን ያንብብ፤ መንግሥቱ «አትሂዱ» ባለበት ቦታ የማይሠራ መድን ብዙ ነው። ቆላ ቦታዎችና እንደ ድሬዳዋና አርባ ምንጭ ያሉት ከተሞች ወባ ስላለባቸው ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። «ምንም ችግር የለም» ብሎ ማምጣት እንግዳ አክባሪነት አይደለም። እውነቱን ነግሮ አብሮ ማቀድ ነው ክብር።

ትንንሽ ነገሮች

ሰዓታችንን አስረዱ። ሹፌሩ «ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ሲል እንግዳው ከሰዓት በኋላ እንዳይመስለው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ምግብ እንደ ልብ ነው፤ የጾም በያይነቱ ብዙዎቹን ያስደስታል። ክትፎ ካማረው የበሰለ እዘዙለት፤ ጥሬውን ለሚቀጥለው ጊዜ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲገባ ጫማ እንደሚወልቅና ነጠላ ወይም ሻርፕ እንደሚያስፈልግ ንገሩት። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ሰውን ያስፈቅድ። ለመንገድ ልጆች ሳንቲም ከመበተን ይልቅ ከሠራተኛ እጅ ዕቃ ይግዛ።

ለቤት የተውነው ቀን

በመጨረሻዎቹ ቀናት የትም አልሄድንም። እናቴ ቡና አፈላች። ሁለተኛው ስኒ ላይ የእህቴ አማት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ያን ጊዜ፣ በቴሌቪዥን ያየነው፣ እውነት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ በ1977 ዓ.ም. ደሴ አስተማሪ ነበረች።

«እውነት ነው እህቴ» አለች። «ከክፍሌ ተማሪ ይጎድል ነበር። ስም ስጠራ መልስ የማይመጣበት ቀን ነበር። ያየነውን አንክድም። ግን ያኔም ያለው ለሌለው ያካፍል ነበር። በዚያው ዓመት ልጄን ወልጃለሁ፤ የአራሷን ገንፎ ያመጡልኝ ጎረቤቶች ራሳቸው እጅግም የሌላቸው ነበሩ።»

አማቷ ብዙ ዝም አሉና የእናቴን እጅ ያዙ። በረካው ተጠጣ። ይህን ጨዋታ የትኛውም አስጎብኚ በዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም፤ ባዶ ቀን ባንተው ኖሮም አይገኝም ነበር። እህቴ እንደምትነግረኝ፣ ዛሬ አማቷ ሳህኗ ላይ ሲጨምሩ የሚጠይቁት «የእናትሽ በርበሬ መቼ ይመጣል?» ብለው ነው።

እንግዳ ልትቀበሉ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ከመምጣቱ በፊት ባለው አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ሂዱ። ጢያንም አሳዩአቸው። እንግዳው ሲመጣ ወደ ሙዚየሙ የሚመሩት፣ ድንቅነሽ የቷ እንደሆነች የሚያሳዩት እነሱ ይሁኑ። የቤቱ ልጅ ይዞት የዞረ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ላሊበላም፣ ባሌም፣ አክሱምም ይጠብቁታል።