ስሙን ንገሯቸው

እርሻው ፋብሪካና ፎቅ በሆነበት በእኛ ገላን፣ ለልጆች የሚበር ሁሉ «ወፍ» ነው። ቁራውም፣ ጭልፊቱም፣ ዋኔዋም አንድ ስም ይጋራሉ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ግን ፓፊን የምትባለውን ወፍ ከስልክ ላይ አይታ አሳምራ ታውቃታለች። ፓፊን በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትኖር፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯ ደማቅ የሆነ የባሕር ወፍ ናት።

ስሟ ብዙ ነው። በምንቃሯ ቀለም የተነሣ «የባሕር በቀቀን» የሚሏት አሉ። ሳይንሳዊ ስሟ «ፍራተርኩላ» በላቲን «ትንሽ ወንድም» ማለት ነው፤ ላባዋ የመነኩሴ ልብስ ይመስላልና። አይስላንዶች እናቲቱን «ሉንዲ»፣ ጫጩቷን «ፒስያ» ይሏቸዋል። በነሐሴና በመስከረም ገደማ፣ በዚያች አገር ዌስትማን ደሴቶች፣ ጫጩቶቹ በከተማው መብራት ተታለው መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በሌሊት እየዞሩ ይለቅሟቸዋል፤ በካርቶን አሳድረውም በማግስቱ ወደ ባሕር ይለቋቸዋል።

ይህን ስነግራት ልጅቷ «የእኛዎቹስ ስማቸው ማነው?» አለችኝ።

እኛማ በስም ድሆች አይደለንም። ግንደ ቆርቁርና ጥንብ አንሣ በሥራቸው ተጠሩ። አውሬውን እንኳ በተረታችን «አያ ጅቦ» ብለን ዘመድ አድርገነዋል። እኔ «ጭልፊት» የምለውን ጎረቤቴ በኦሮምኛ «ጩሉሌ» ትለዋለች፤ ጫጩቶቻችን በሁለቱም ስም ይድናሉ።

ጣሪያችን ላይ የሚያርፈውን፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ቁራም አሳየኋት። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይኖርም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. «ክራሲሮስትሪስ» ብሎ መዘገበው፤ «ምንቃረ ወፍራም» እንደማለት ነው። ኖኅ ልኮት ስለቀረው ቁራና «የቁራ መልእክተኛ» ስለሚባል ሰውም አጫወትኳት። በሳምንቱ አንድ የሠፈር ልጅ ወንጭፉን ሲያነሣ፣ «ተው! እሱ እኮ ቁራ ነው፤ የኖኅ መልእክተኛ!» ብላ ጮኸችበት። ልጁም ወንጭፉን ዝቅ አድርጎ «የማን መልእክተኛ?» ሲል ጠየቃት።

«ወፍ» ላይ ድንጋይ መወርወር ቀላል ነው፤ ስሙንና ታሪኩን በሚያውቁት ላይ ግን እጅ ይከብዳል። ውድ አያቶች፣ እነዚህን ስሞች ከእኛ የተሻለ የሚነግራቸው የለም። ዛሬ ማታ በረንዳ ላይ ስትቀመጡ አንዱን ጠቁሙና ስሙን ንገሯቸው።