አለኝ ማለትና ማግኘት

«አለኝ» ማለትና ሲፈልጉ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስሆን፣ በትርፍ ሰዓቴ የአንድ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ጠባቂ ነኝ። ወዳጆቼ፣ «መጠባበቂያ ቅጂው በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ ታዲያ ምን ያሳስብሃል?» ይሉኛል።

የጊትላብ ኩባንያም ቅጂ አለኝ ይል ነበር። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ ሠራተኛ በተሳሳተ ኮምፒዩተር ላይ የመሰረዝ ትእዛዝ ሰጠ፤ ከ300 ጊጋባይት ያህል 4.5 ያህሉ ብቻ ተረፈ። ቅጂው ቢፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆነ። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም የፖስትግሬስኪውኤል 9.2 እትም፣ ቋቱ ግን 9.6 ስለ ነበረ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ለሠራተኞቹ አልደረሰም። ያዳናቸው፣ ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አንድ መሐንዲስ ለሌላ ጉዳይ የወሰደው ግልባጭ ነው። ከዚያ ወዲህ በቋቱ የገባው ጠፋ።

እንግዲህ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅጂ የሚመዘነው ሲመለስ ነው። እኔ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እመልሳለሁ። በእኛ ቋት የውሰት መዝገብ የተዋሹን ቁጥር እንጂ ስሙን አይዝም፤ አንዱ ሠንጠረዥ ቢጎድል ሌላው ወላጅ አልባ ይሆናል። ስለዚህ መዝገቦቹን እቆጥራለሁ፤ እያንዳንዱ ውሰት ሰውየውንና መጽሐፉን ማግኘቱን አያለሁ፤ መመለሱ የፈጀውን ሰዓትም እጽፋለሁ።

ሥራው አሰልቺ ነው፤ አመስጋኝም የለውም። ነገር ግን የሰው ድካም በአደራ የተሰጠው ሰው «ያለ ይመስለኛል» ሊል አይገባውም፤ «አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ማለት አለበት።