«እገሌ ከሌለ አልገባም»

ከማውቃቸው ጨዋዎች አንዱ ሊኑክስ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ።

ባለፈው ክረምት የአንዲት ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር፤ ኡቡንቱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ቁጥሮች የምትተነትንበት ፕሮግራም አልጫን ብሏል። ለማስረከብ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ያለን ኢንተርኔት የሞባይል ዳታ ነው፤ እሱም ሊያልቅ የደረሰ። ፕሮግራሙን ከሰው በፍላሽ አምጥታዋለች፤ እሱ ግን «እገሌ የሚባል ላይብረሪ ያስፈልገኛል፤ አልተጫነም» ብሎ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊኑክስ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ጓዙን ሁሉ ተሸክሞ አይመጣም። አንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች አንድ ቧንቧ እንደሚጠቀሙ፣ ፕሮግራሞችም ላይብረሪ ይጋራሉ። ዲፒኬጂ የሚባለው መሣሪያ የሰጡትን ፋይል ብቻ ይጭናል፤ የጎደለውን ፈልጎ የሚያመጣው አፕት ነው። ጓደኛዬ ግን የጎደለውን በፍላሽ ስታመጣ እሱም ሌላ ይጠይቃታል፤ ያኛውም ሌላ።

«ቀበሌ ሆነብኝ እኮ!» አለች።

አልተስማማሁም። ቀበሌ ሄዳችሁ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው «ነገ ተመለሱ» ቢላችሁ ነገም ምን ይዛችሁ እንደምትመለሱ አታውቁም። ይሄ ግን የጎደለውን በስሙ፣ ሲያስፈልግም በቬርዥን ቁጥሩ ይነግራችኋል።

«በቃ በግድ ጫነው!» አለችኝ። በግድ የሚያስገባ ትእዛዝ አለ። ፕሮግራሙ ይገባል፤ ላይብረሪው ግን አሁንም የለምና ሲከፍቱት አይነሳም። ማስጠንቀቂያን መዝለልም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የካናዳው ዩቲዩበር ሊነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲምን ሊጭን ሲል፣ አፕት የሚጠፉትን ዘርዝሮ የሚያደርገውን በትክክል ካላወቀ እንዳይቀጥል አስጠነቀቀው። ሰውየው «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» የሚለውን ማረጋገጫ በእጁ ጽፎ አለፈ። ዴስክቶፑ እንዳለ ጠፋ።

እኛ አፕትን መጀመሪያ የፓኬጆቹን ዝርዝር እንዲያድስ፣ ቀጥሎ የተሰበረውን እንዲጠግን አዘዝነው። ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ አስቀድሞ ነገረን፤ ዳታችን ይበቃል። የሚያስወግደውን አየን፤ ዜሮ። «አዎ» አልነው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ጓደኛዬ ቁጥሮቿን ልታስገባ አማካሪዋ የመለሱላትን ረቂቅ ገለጠች። ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይስተካከል» ይላል።

ምኑ?

እሱን የጻፈው የለም።