ተራራ መውጣትን ለሚጀምር ቤተ ሰብ

አገራችን የተራራ አገር ስለ ሆነች ተራራን በዓይኑ የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም፤ በእግሩ የሚያውቀው ግን በከተማ ዘንድ እያነሰ ሄዷል። ገበሬው ወደ እርሻው፥ መነኩሴው ወደ ገዳሙ፥ ተሳላሚው ወደ ንግሥ፥ ነጋዴው ወደ ገበያ ሲል ዳገቱን ይወጣል። በወንበር ላይ ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ግን ተራራውን በመስኮት እያየነው እናረጃለን። ስለዚህ በቤተ ሰባችን የሆነውንና በመንገድ የተማርነውን ለአንባቢዎች ባጭሩ ልንነግር አሰብን።

የእኛ ሥራ በፍርድ ቤት መዝገብ መያዝ ነው። ሥራው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን እጅን እንጂ እግርን አያሠራም። ዕድሜያችን 40 ካለፈ በኋላ ሐኪም የደማችን ግፊት ከፍ ማለቱን ነግሮ፥ ከመድኃኒቱ ጋራ አዘውትረን በእግራችን እንድንሄድ አዘዘን። ታናሹ ልጃችን በዚያን ጊዜ ገና 6 ዓመቱ ነበረና ትእዛዙን በሰማን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ልባችን የመጣው እርሱን ለማሳደግ የሚያስፈልገን ዘመን ነው። ከቤት ገብተን ለባለቤታችን ነገሩን ባስረዳናት ጊዜ፥ «እንግዲያስ ብቻህን አትሄድም፤ ሁላችንም እንሄዳለን» አለች። ጉዟችን በዚህ ቃል ተጀመረ።

በአዲስ አበባ ለሚኖር ጀማሪ ከእንጦጦ የሚሻል የለም። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲገኝ፥ እንጦጦ 3,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዚያው ላይ ናት። በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ስለ ተከፈተበት የተጠረገ የእግር መንገድ ይገኛል፤ የደከመውም ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ለመመለስ ይችላል። ለጀማሪ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ተራራ በማናቸውም ሰዓት ሊመለሱበት የሚቻል መሆን ይገባዋል።

አረማመድን ያስተማሩን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። እነርሱ የሚሄዱት ለጤና ሳይሆን ለእንጀራ ነው፤ ስለዚህ ጉልበታቸውን በከንቱ አያባክኑም። እርምጃቸው አጭር ነው፤ አይሮጡም፥ በየጊዜውም አይቆሙም፤ ከላይ እስከ ታች ባንድ ዓይነት ፍጥነት ይሄዳሉ። እኛም ይህንኑ ያዝን። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እየሄደ ሳያለከልክ ከጓደኛው ጋራ ለመነጋገር ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀንስ። ቤተ ሰብ ሲሄድ ደግሞ ከፊት መሆን የሚገባው ከሁሉ የሚዘገየው ነው፤ በእኛ ዘንድ ትንሹ ልጃችን መሪ ሆኖ ነበር። ሸክም ያለው ሰው ሲመጣም መንገድ መልቀቅና ሰላምታ መስጠት የመንገደኛ ወግ ነው።

ስለ ልብስና ስለ ስንቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ጫማው አስቀድሞ በቤትና በሰፈር የተለመደ ይሁን፤ አዲስ ጫማ ተረከዝን ውሃ ያስቋጥራልና። ጋቢ በደረቅ ቀን መልካም ነው፤ ግን ጥጥ ስለ ሆነ ከረጠበ ይከብዳል፥ ሰውነትንም ያበርዳል። ስለዚህ የሱፍ ሹራብና የዝናብ ልብስ መያዝ ይሻላል፤ ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና። ለስንቅ ቆሎና በሶ፥ ለያንዳንዱ ሰው ከ2 ሊትር የማያንስ ውሃ፥ ለቁልቁለትም ጠንካራ በትር ይበቃል። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እንጦጦን ለ3 ወር ከተመላለስን በኋላ በኅዳር ወር ወደ ወጨጫ ለመሄድ ቆረጥን። ይህ ተራራ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ነው፤ ከፍታው 3,385 ሜትር ነው። በጎኑ ያለው የሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ ይነገራል። ከታች ጥድና ዝግባ፥ ከፍ ሲሉ ኮሶ፥ ከዚያም በላይ አስታ ይገኛል፤ ጉሬዛም በዛፎቹ ላይ ሲዘል ይታያል። ከመነሣታችን በፊት የመንገዱን ሰላም ጠየቅን፤ አገሩን የሚያውቅ መንገድ መሪም ያዝን።

ከዋዜማው ማታ ሰዓቱን በወረቀት አሰላን። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ የታወቀ ስሌት አለ። በእርሱ ዘንድ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት፥ ደግሞም ለ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ይታሰባል። ይህ የጠንካራ ሰው ልክ ስለ ሆነ እኛ እኩሌታ ጨመርንበት። በዚህ መሠረት ከጧቱ 2 ሰዓት ተነሥተን፥ ከጫፉ ብንደርስም ባንደርስም በ7 ሰዓት ፊታችንን ወደ ቤት እንድንመልስ ተስማማን። በፍርድ ቤት ቀነ ገደብ ያለፈበት ሰው የሚደርስበትን ዘወትር የምናይ ስለ ሆነ፥ የዚህን ቀጠሮ ሰዓት በወረቀት ጽፈን በኪሳችን ያዝነው።

7 ሰዓት በሆነ ጊዜ ጫፉ በግልጥ ይታይ ነበር፤ መንገድ መሪውም 1 ሰዓት ብቻ እንደ ቀረ ነገረን። ሰማዩ የጠራ ነበር። የ15 ዓመት ልጃችን፥ «አባባ፥ እዚህ ድረስ መጥተን እንመለስ?» ብላ አለቀሰች። እኛም ራሳችን ልባችን ወደ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱን አውጥተን አሳየናትና ተመለስን። እርስዋም እስከ ደኑ ድረስ ቃል አልተናገረችንም።

በዚያን ቀን ዝናብ አልዘነበም፤ ደመናም አልመጣም። ነገር ግን ቁልቁለቱ በተጀመረ በ1 ሰዓት ውስጥ የባለቤታችን ጉልበት ማመም ጀመረ። ቁልቁለት ሳንባን ያሳርፋል እንጂ ጉልበትን አያሳርፍም፤ የሰውነት ክብደት በየእርምጃው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና። በትሩን ለእርስዋ ሰጥተን፥ ዕቃዋን ተከፋፍለን፥ በየጥቂቱ እያረፍን ወረድን። ከበሩ የደረስነው በ11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይም በ12 ሰዓት ገባች። ወደ ጫፉ ለመድረስ 1 ሰዓት ጨምረን፥ ለመመለሻውም 1 ሰዓት ቢታከል ኖሮ፥ ትንሽ ልጅና የታመመች ሴት ይዘን በደኑ ውስጥ ይጨልምብን ነበር። ሰማዩ ያላስጠነቀቀንን ነገር ቀጠሮው ጠበቀልን።

በማግሥቱ ልጃችን ከመኝታዋ ተነሥታ፥ «ጫፉን የምንፈልግ ከሆነ ቀድመን እንነሣ እንጂ ዘግይተን አንመለስ» አለችን። በጥር ወር በዚህ ምክር ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን፥ ባለቤታችን ሁለት በትር ይዛ፥ ሁላችንም ከጫፉ ደረስን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የመመለሻውን ሰዓት የምትወስን እርስዋ ናት፤ የወሰነችውንም የሚሽር የለም። የደማችንም ግፊት መውረዱን ሐኪሙ ነግሮናል፤ መድኃኒቱን ግን እንደ ታዘዘው እንወስዳለን።

በዚህ የተደፋፈረ ሰው ወደ ስሜን ያስብ ይሆናል። መናፈሻው በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፥ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያም የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይገባል። ራሱን የሚያመው፥ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ አይውሰዱት፤ ሕመሙ ከጸና፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ታች ያውርዱት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው ቅዳሜ ልጆችዎን ይዘው በቅርብዎ ካለው ዳገት ይጀምሩ፤ ቆሎውን ሲቋጥሩም የመመለሻውን ሰዓት አብረው ይጻፉ። ተራራው ከስፍራው አይሄድም፤ ለሌላ ቅዳሜም ይቆያል። ቤተ ሰብዎ ግን በዚያው ቀን ማታ ሁሉም በሙሉ ከማዕድ ሊገኝ ይገባዋል።